ልጅ መጀመሪያ የሚያነበው ሥዕሉን ነው

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ጅማ ለእህቴ ልጅ የተረት መጽሐፍ ገዛሁላት። ሽፋኑ ያብረቀርቃል። ቤት ገብተን ስንገልጥ ቡና ያለበት ገጽ ላይ ደረስን። ቅርንጫፉ ላይ የተንጠለጠለው ጥቁር፣ መሃሉ የተሰነጠቀ፣ የተቆላ ቡና ነው! ልጅቷ ገና ስድስት ዓመቷ ነው። ጣቷን ገጹ ላይ አድርጋ "አጎቴ፣ ይሄ እኮ ተቆልቷል" አለችኝ።

ጓሯችን ውስጥ ቡና አለ። እሸቱን ሲቀላ አይታዋለች፣ ጣፋጩን ልጣጭ መጥጣለች። ውስጡ ሁለት ፍሬ እንዳለም ታውቃለች። ሠዓሊው ግን ቡናን ተክሉ ላይ አላየውም።

ለእኔ የሥዕል ጥራት የሚጀምረው ከማየት ነው። እኛ ግን መጽሐፍ ስንገዛ ወረቀቱን እንዳስሳለን፣ ደመቅ ያለውን እንመርጣለን። ድምቀት ሌላ፣ ጥራት ሌላ።

ደግሞ ጥሩ ሥዕል ጽሑፉ ያላለውን ይናገራል። "ልጅቷ ፈራች" የሚል ጽሑፍ አጠገብ አፏን የከፈተች ልጅ ብትሣል ምን ተጨመረ? የእናቷን ነጠላ ጫፍ ጭምድድ አድርጋ ይዛ ብትታይ ግን ፍርሃቱ ልጁ ጋ ይደርሳል። ስለዚህ እኔ መጀመሪያ የማየው እጅን ነው። ሰነፍ ሠዓሊ እጅ ይደብቃል። የድሮ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ሥዕል ያለ ጽሑፍ እንደሚናገር ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ጻድቁን በሁለት ዓይኑ፣ ክፉውን በጎን በአንድ ዓይን ይሥሉታል። ፊደል ያልቆጠረ ሰውም ማን ማን እንደሆነ ይለያል።

የገጽ አቀማመጡም ቀላል ነገር አይደለም። የገዛሁት መጽሐፍ ላይ የጅቡ ፊት ሁለቱ ገጾች የሚገናኙበት ስፌት ውስጥ ገብቶ ጠፍቷል። የታሪኩ ዋና ባለጉዳይ እኮ እሱ ነው!

የሠዓሊውን ስም ብፈልግ፣ ብፈልግ የለም። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ ካልዴኮት የሚባል ሜዳሊያ ለሥዕላዊ መጽሐፍ ሠዓሊ በስሙ ይሸልማሉ። እኛ ሽልማቱ ቀርቶ ስሙን እንኳ አንጽፍም። ስሙ የማይጻፍ ሰው ቡና ለማየት ጅማ ድረስ ይመጣል ብዬ አልጠብቅም። አሳታሚዎች ስሙን ጻፉ፣ ድካሙንም ክፈሉት።

ወላጆች ደግሞ ከመግዛታችሁ በፊት ጽሑፉን ሳታነቡለት መጽሐፉን ለልጁ ስጡት። እየገለጠ ታሪኩን ይንገራችሁ። የእኛዋ አራተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ "ከዚያስ?" ብላ እኔን ጠየቀችኝ።