ለገሃር፦ ሙዚየም ወይስ የሰው መዋያ?

የአሮጌው የለገሃር ባቡር ጣቢያ ዕጣ ምን ይሁን? ሁለት አዲስ አበቤዎች በጽሑፍ ይከራከራሉ።

ሙዚየም ይሁን ባይ፦
ዳግማዊ ምኒልክ ለአልፍሬድ ኢልግ የሐዲዱን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሥራ ድሬዳዋ ላይ ሲደርስ ገንዘብ አለቀ፤ የፈረንሳይ፣ የእንግሊዝና የጣሊያን ሽኩቻ ተጨመረበትና ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነበር። ይህ ሕንፃ የተመረቀው ደግሞ በ1922 ዓ.ም.። በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለስደት የወጡት በዚሁ መስመር ነው። ፊት ለፊቱ የቆመውን የይሁዳ አንበሳ ጣሊያን ዘርፎ ሮም ላይ አቁሞት ነበር፤ ተመልሶልናል። የሰፈሩ ስም እንኳ «ጣቢያ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው። ይህን ሁሉ የያዘ ቤት ለካፌና ለቡቲክ አይሰጥም። ቲኬት መሸጫው ቲኬት መሸጫ ሆኖ ይታይ፤ ሎኮሞቲቩና ፉርጎው አጠገቡ ይቁም።

ለሰው ይከፈት ባይ፦
ልጄ፣ ታሪኩን አሳምረሽ ጽፈሻል፤ መደምደሚያሽ ግን አልተዋጠልኝም። እኔ በዚያ ባቡር ተሳፍሬያለሁ። ከሐዲዱ ይልቅ የማስታውሰው ሰዉን ነው፦ ዘንቢል ተሸክሞ የሚጋፋውን፣ በመስኮት ብርቱካን የሚያቀብለውን፣ ሸኚውን። ጣቢያ ያለ ግርግር ባዶ ግንብ ነው።

ለንደን ውስጥ፣ ከባሕር ርቆ ቴምዝ ወንዝ ዳር፣ እ.ኤ.አ. ከ1864 እስከ 1866 የተሠራ የመብራት ማማ አለ። መርከብ ለመምራት አልተሠራም፤ መብራት ይፈተሽበት፣ የማማ ጠባቂዎች ይሠለጥኑበት ነበር። ግቢው በ1988 ሥራ ሲያቆም ማማው አልፈረሰም። የጥበብ ሰዎች ገቡበት፤ ከ2000 ጀምሮ ለሺህ ዓመት እንዲቀጥል የተቀናበረ ሙዚቃ ይሰማበታል። ግንቡ ያው ግንብ ነው፤ ሰው ግን ይመላለስበታል።

ሙዚየም ይሁን ባይ፦
ጋሼ፣ ማማው ብቻውን ሙሉ ነው። ጣቢያ ግን የ784 ኪሎ ሜትር መስመር ጫፍ ነው፤ እዚህ የሚደርሰው መስመርም አሁን አይሠራም። የአሮጌው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር፣ የአዲሱ 1.435 ሜትር ስለሆነ የድሮው ባቡር በአዲሱ ላይ መሄድ አይችልም። አዲሱም ለቡ ላይ ይቆማል እንጂ መሀል ከተማ አይገባም። ስለዚህ ለልጆቻችን የምናሳየው የቀረን ይሄ ቤት ነው። ደግሞ ተከራይ የገባበትን አሮጌ ቤት አይተናል፦ ዛሬ መስኮት ይሰፋል፣ ነገ ግድግዳ ይነሳል። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳን ፍርስራሽ ያየ ሰው ስጋቴ ይገባዋል።

ለሰው ይከፈት ባይ፦
ስጋትሽ የኔም ነው፤ ፒያሳን ሳይ አልቅሻለሁ። ግን ሕንፃን የሚያፈርሰው ተከራይ ብቻ አይደለም። ማንም የማይገባበት ቤት ጣሪያው ሲያፈስ ማን ያያል? የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቅርስ ላይ የሚደረግ ጥገና አስቀድሞ ፈቃድ እንዲያገኝ ያዛል፤ እሱ ይከበር። የመንገደኞች መቆያውን ግን ልምምድ ቦታ ላጡ ሙዚቀኞችና መጽሐፍ ለሚያዞሩ ልጆች እንስጣቸው። የቲኬቱን መስኮት፣ አንቺ እንዳልሽው፣ ማንም አይንካው።