ማስተካከያ፦ የጀልባ ሞተር ማቀዝቀዣን ስለማጽዳት

ቀደም ሲል ለሐዋሳ ሐይቅ የሞተር ጀልባ ባለንብረቶች በተሰራጨው የጥገና ማሳሰቢያ ላይ፣ የማቀዝቀዣውን መስመር በንጹህ ውሃ ማጠብ ጨውንም የተጋገረ ቅርፊትንም እንደሚያስወግድ፣ ካልለቀቀም በረኪና መጨመር እንደሚቻል የተገለጸው እንደሚከተለው ተስተካክሏል።

ንጹህ ውሃ የሚያጥበው ገና ያልጠነከረ ጨውንና ደለልን ነው። ውሃው ሲሞቅ ከውስጡ ተለይቶ በመተላለፊያዎቹ ግድግዳ ላይ የሚጋገረው የካልሲየም ካርቦኔት ቅርፊት፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደምናየው ነጭ ንብርብር፣ የሚሟሟው በደካማ አሲድ፣ ማለትም በአቼቶ ወይም በውሃ በተበጠበጠ ሲትሪክ አሲድ ነው። በረኪና ቅርፊቱን አያሟሟም፤ የሞተሩን አሉሚኒየም ግን ይበላል። ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ደግሞ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ስለሚፈጥር ሁለቱን በምንም ምክንያት ማቀላቀል አይገባም። ሃይድሮክሎሪክ አሲድም ፈጥኖ ይሠራል ተብሎ ቢመረጥም አሉሚኒየሙን ስለሚጎዳ አይመከርም፤ የተቆጠበው ሰዓት የሞተሩን ዋጋ አያክልም።

የአሲዱ ፈሳሽ ሞተሩ ሳይሞቅም እንዲዘዋወር አስቀድሞ ቴርሞስታቱ፣ ማለትም ሞተሩ እስኪሞቅ የውሃውን ዝውውር የሚገድበው መክፈቻና መዝጊያ፣ ይወጣል፤ በመጨረሻም መስመሩ በብዙ ንጹህ ውሃ ይታጠባል። ከዚህ በኋላም ከሞተሩ ጎን የሚወጣው የውሃ ፍሳሽ ቀጭን ከሆነ፣ ችግሩ የውሃ ፓምፑ የጎማ ክንፎች መበላት ሊሆን ስለሚችል አሲዱን ከመድገም በፊት ፓምፑ ይፈተሽ።