ያልሳቀ ሁሉ አዋቂ አይደለም

ወገኖቼ፣ ዛሬ ስለ ሚስተር ቢን እንጣላ። በፖለቲካውማ ስንጣላ ከርመናል።

አንዱ «እንደሱ ያለ ኮሜዲያን አልተፈጠረም» ይላል። ሌላው «ፊቱን ከማጣመም ሌላ ምን ያውቃል?» ይላል። እስከዚህ ድረስ ጤና ነው። ሁላችንንም የሚያስቀን ነገር አንድ ቢሆን ኖሮ እንዴት ይሰለቸን ነበር! ችግሩ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። ወሬው ቢንን ይተውና የሳቀው ሰው ላይ ይዞራል። «በዚህ የሚስቅ ሰው ጤነኛ ነው?» «ፋራ ነህ እንዴ?» ያኛውም ዝም አይልም፤ «አንተ ቀልድ የት ይገባሃል!» ይላል። ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ ሁለት ጓደኛሞች ተኳርፈው ይነሳሉ። ያውም ስለ አንድ እንግሊዛዊ!

ለሁለቱም የምለው አለኝ። በመጀመሪያ ግን የምቆጣው እናንተን ነው፤ ባለመሳቃችሁ የምትኮሩትን። ልጆቻችሁ ፍርፍር ብለው ሲስቁ ሪሞቱን አንስታችሁ «ይሄን ጅል ምን ታያላችሁ?» የምትሉትን።

የምትንቁትን ሰው እስቲ መጀመሪያ እወቁት። ቢንን የሚጫወተው ሮዋን አትኪንሰን በኒውካስል ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተምሮ ለሁለተኛ ዲግሪው ኦክስፎርድ የገባ ሰው ነው። ከቢን በፊት፣ ከ1983 እስከ 1989 እ.ኤ.አ. «ብላክአደር» በሚባል የቴሌቪዥን ኮሜዲ ውስጥ በነገር የሚወጋ፣ ምላሱ የማይቻል ሰውዬ ሆኖ ተጫውቷል። እዚያ ላይ ፊቱ ደረቅ ነው፤ ሥራውን የሚሠራው አፉ ነው። እንግዲህ ቢን ሆኖ ዝም ያለው ማውራት አቅቶት አይደለም። በዚያ ላይ ሰውዬው እንደሚንተባተብ፣ ገጸ ባህሪ ሲላበስ ግን እንደሚለቀው ራሱ በአደባባይ ተናግሯል። «መናገር ስለማይችል ነው» እያላችሁ ስትሳለቁ ይህን አስቡ።

ቢን ቴሌቪዥን ላይ የወጣው በ1990 እ.ኤ.አ. በፈረንጆች አዲስ ዓመት ዕለት ነው። እስከ 1995 የተሠሩት ክፍሎች 15 ብቻ ናቸው። ካርቱኑንና ሁለቱን ፊልሞች ትተን፣ ዕድሜ ልካችንን ስናያቸው የኖርነው እነዚያኑ 15ቱን ነው።

የመጀመሪያው ክፍል ላይ ያለውን የቤተ ክርስቲያን ትዕይንት አስታውሱ። ቢን ስብከት ላይ ተቀምጧል። ያስነጥሰዋል፤ መሐረብ የለውም። ዙሪያውን ቃኝቶ የኪሱን ገበር ይጎትትና አፍንጫውን ይጠርግበታል። ከዚያ እንቅልፍ ይመጣል። ይታገላል፣ ዓይኑን ይጎለጉላል፣ ግን አልሆነም፤ ቀስ እያለ ተንሸራትቶ ወለሉ ላይ ይደፋል። መዝሙር ሲጀመር ደግሞ ግጥሙን አያውቀውም። ያጉረመርማል፣ ያጉረመርማል፤ «ሃሌ ሉያ» የምትለው ስትመጣ ግን ጣራው እስኪነሳ ይጮኻል። አሁን እውነቱን እንነጋገር። ቅዳሴ ላይ መቋሚያ ተደግፎ ያላንቀላፋ ማን ነው? ዜማው ሲጠፋው አፉን ብቻ እያንቀሳቀሰ ቆይቶ የሚያውቃት ላይ ሲደርስ ድምፁን ከፍ ያላደረገስ? ይህ ቂልነት አይደለም። ሰውየው እኛን በደንብ አይቶናል።

ለምን እንደማይጥመን ይገባኛል። የአማርኛ ተናጋሪ ያደገው በቃል ቀልድ ነው። ሰምና ወርቅ፣ አሽሙር፣ ነገር መጠምዘዝ። የቀልድ ንጉሣችን አለቃ ገብረ ሃና ናቸው፤ ያለ ንግግር የሚተረክ የእሳቸው ቀልድ ሰምተን አናውቅም። ስለዚህ አፉን ዘግቶ በትከሻና በቅንድብ የሚያስቅ ሰው ስናይ «ይሄማ የሕፃን ነው» እንላለን። ግን እኚሁ አለቃ ሸምበቆ በነፋስ ሲወዛወዝ አይተው የተክሌን ዝማሜ፣ ያንን የመዘምራን የመቋሚያ ውዝዋዜ፣ ፈጠሩ ነው የሚባለው። የቃሉ ጌታ ሰውነትም እንደሚናገር ካወቁ እኛ ምን ሆነን ነው የምንንቀው?

ደግሞ የሕፃን መሆኑ ምን ነውር አለው? አሜሪካ ልጆቿን ልትጠይቅ የሄደችን አያት አስቡ። የልጅ ልጆቹ አማርኛቸው «አያቴ፣ እወድሻለሁ» ላይ ያበቃል፤ የእሷ እንግሊዝኛ «ታንክ ዩ» ላይ። ቢን ሲከፈት ግን አያትም ልጅም እኩል ይስቃሉ። አስተርጓሚ የለ፣ ከታች የሚነበብ ጽሑፍ የለ። ያንን ሳቅ ዝቅተኛ ለማለት ድፍረት ይጠይቃል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ቢንን «ተራ» የሚለው ሰው ማታ በምን ሲስቅ አየሁት መሰላችሁ? በገጠሬ አነጋገር። በቤት ሠራተኛ አማርኛ። አፉን በሌላ ቋንቋ በፈታ ሰው ቃና። አንድ ኮሜዲያን መድረክ ላይ ወጥቶ የአንዱን ብሔር አነጋገር ሲኮርጅ አዳራሹ በሳቅ ይናጋል፤ «ምሁሩ» ወንድማችንም ሆዱን ይዞ ይስቃል። ቢን ክፉ ነው፣ አልክድም። ፈተና ይኮርጃል፤ ያችን ባለሦስት እግር ሰማያዊ መኪና ባገኛት ቁጥር ይገለብጣታል (ባጃጅ ነጂዎቻችን እንኳን እዚህ አልመጣ ይበሉ)። መጨረሻ ላይ የሚዋረደው ግን ብዙውን ጊዜ ራሱ ነው። የእኛ ቀልድ የሚያዋርደው አዳራሹ በር ላይ ቆሞ የሚፈትሸውን ምስኪን ነው። እና የማን ሳቅ ነው ተራ?

እናንተ አድናቂዎችም አትሳቁ፣ ወደ እናንተ መጥቻለሁ። «ካልወደድከው አትይ!» መልስ አይደለም። ፊልም የወጣው ሊታይም ሊተችም ነው። ሥራው ሁሉ ወርቅ ነው አትበሉን። የ1997ቱ ፊልም ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል፤ ለእኔ ግን ቢን አሜሪካ ገብቶ የተበላሸበት ነው። ታዋቂውን ሥዕል አስነጥሶበት፣ በመሐረብ እጠርጋለሁ ብሎ የሚያበላሽበት ቦታ ድንቅ ነው። ከዚያ መጨረሻው ላይ ቆሞ ንግግር ያደርጋል። ቢን ንግግር! የ2007ቱ ይሻላል፤ ወደ ዝምታው ተመልሷል። አትኪንሰን የሚጫወተውን ጆኒ ኢንግሊሽ የሚባለውን ሰላይ ደግሞ በ2003 ሳቅንበት፣ በ2011 ታገስነው፣ በ2018 ግን ማን ጠራው? ራሱ አትኪንሰን እንኳ ቢንን መጫወት እንደሚያስጨንቀውና ብዙም እንደማይደሰትበት ተናግሯል። እሱ ያላለውን እናንተ ስለምን ትምሉለታላችሁ?

እንዲህ ተከራከሩ። የትኛው ቦታ አሳቀህ? የትኛውስ ከበደህ? ጥሩነሽንና መሠረትን እየጠበቅን ቴሌቪዥን ፊት በተሰበሰብንበት የ2012ቱ ለንደን ኦሎምፒክ መክፈቻ ላይ ቢን ከታላቅ ኦርኬስትራ ጋር ተቀምጦ አንዲት ቁልፍ ብቻ ሲነካ፣ ሰልችቶት በሕልሙ ሩጫ ገብቶ በመኪና አቋርጦ ሲያሸንፍ ያየ አንድ ዘመዴ «የሯጭ አገር ሰው በዚህ መሳቅ የለበትም» አለኝ። ይኼ ክርክር ነው፤ የሚያዝ ነገር አለው። እኔ ደግሞ ሩጫን የሚያውቅ ነው በማጭበርበሩ የሚስቀው አልኩት። እስካሁን አልተስማማንም። በ2022 የወጣውን፣ አትኪንሰን ከንብ ጋር የሚጣላበትን ተከታታይም ዘመዴ 9ኙን ክፍል ጨርሶታል፤ እኔ አራተኛው ላይ ዘግቼዋለሁ። ቅዳሜ ቤቱ ስመጣ አምስተኛውን ካላሳየሁህ ብሏል።