እባካችሁ ዘፈኑን በተራው አጫውቱልኝ!

ጠዋት 12 ሰዓት ከሩብ። ስቶክሆልም፣ ኅዳር፣ ውጭው ድቅድቅ ጨለማ። ባቡር ውስጥ ጥጌን ይዤ ማዳመጫዬን ሰካሁና የዘፋኟን የሮቢንን «ሃኒ» አልበም ከፈትኩ። ከቤቴ እስከምሠራበት የአረጋውያን ቤት በባቡርና በአውቶቡስ 40 ደቂቃ ገደማ ነው። አልበሙም 40 ደቂቃ ነው። ለእኔ በልክ የተሰፋ በሉት።

መጀመሪያ ምን ቢመጣ ጥሩ ነው? የመጨረሻው ዘፈን! «ኤቨር አጌን»! ሴትየዋ ከእንግዲህ ልቤ አይሰበርም ብላ የምትዘጋበት! ወገን፣ ለቅሶ ቤት ገብታችሁ ገና ሳትቀመጡ «በቃ፣ አሁን ፀጉርሽን ተሠሪ» እንደማለት እኮ ነው። መጀመሪያ ላልቅስ እንጂ!

ይሄ ስልኬ ላይ ዘፈን የምሰማበት አፕ ካልተከፈለው ዘፈን ያደበላልቃል። ሲያሰኘው ያደበላልቃል፣ በመሃል የሳሙና ማስታወቂያ ይከታል፣ ዘፈን ላሳልፍ ስትሉት ደግሞ ኮታሽን ጨርሰሻል ይላችኋል። በገዛ ጆሮዬ ኮታ!

ለማታውቋት፣ ሮቢን የዚሁ የስቶክሆልም ልጅ ናት። በ2010 (በፈረንጅ ነው የማወራው) በ«ቦዲ ቶክ» ዓለምን አስጨፍራ፣ በስሟ ሌላ ሙሉ አልበም ያወጣችው በ2018 ነው። ስምንት ዓመት! በመሃል ብዙ ዘመን አብሯት የሠራው ወዳጇ ክርስቲያን ፋልክ በ2014 በካንሰር ሞተ። ከፍቅረኛዋም ተለያየች። ሥነ ልቦና ሐኪም ጋ ስትመላለስ፣ ክለብ ሄዳ ስትጨፍር ቆይታ ነው «ሃኒ»ን ይዛ ብቅ ያለችው። እና ያን ሁሉ መከራ በምን ነገረችን? በጭፈራ። እኛ ትዝታን ቁጭ ብለን፣ አገጫችንን ደግፈን ነው የምንሰማው፤ እሷ ቆማ፣ እያላባት።

ለዚህ ነው ተራው የሚያናድደኝ። አንደኛው «ሚሲንግ ዩ» ናፍቆት ነው፣ ሰውየው የነበረበት ቦታ ባዶውን ሲያይሽ። ዘጠነኛው ያ ያልኳችሁ ነው። በመሃል ያለው መንገድ ነው። አራተኛው፣ «ቤቢ ፎርጊቭ ሚ»፣ ይቅርታ እየለመነ ቀስ ብሎ ይሄድና ሳያቋርጥ፣ ስፌቱ ሳይታወቅ፣ አምስተኛው ውስጥ ይገባል። ከበሮው እዚያ ጋ ነው የሚነሳው። እኔ ከሰውዬው ጋር ከተለያየን ወዲህ (ይሄ ሌላ ፖስት ይፈልጋል፣ አትጠይቁኝ) ያንን ቦታ ነው የምጠብቀው። ዛሬ ልክ እዚያ ልትገባ ስትል ቀጥ! «ሠላሳ በመቶ ቅናሽ!» የሚል የሴት ድምፅ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ቀና ብለው ሲያዩኝ ነው በአማርኛ እንደተሳደብኩ የገባኝ። እግዜር ይስጠው፣ አማርኛ አይችሉም።

«ታዲያ ክፈይ» ትሉኝ ይሆናል። ከፍዬ አውቃለሁ፣ ሦስት ወር! ያን ጊዜ ደግሞ «ኤቨር አጌን» አልቆ ትንፋሽ እንኳ ሳልወስድ፣ ይሄንንም ትወጂዋለሽ ብሎ የማላውቀውን ጎረምሳ ይለቅብኛል። አንድ ደቂቃ ዝም ብትል ምን ትሆናለህ? አልበም ሲያልቅ እኮ ሰው መስኮት ያያል።

ታናሽ እህቴ ስልክ ላይ ብሶቴን ሰምታ ሰምታ «ሲዲውን አትገዢም?» አለችኝ። ጎበዝ! ገዛሁ። ቤት ይዤው ስመጣ ላፕቶፔ የሲዲ ማስገቢያ የለውም። ለካ ካወጡት ቆይተዋል። ከአሮጌ ዕቃ ቤት አንድ ማጫወቻ አንስቼ መጣሁ፤ ክዳኑ አልዘጋ ሲለኝ የበርበሬ ብልቃጥ ጫንኩበት። ወጥ ቤት ቆሜ፣ ሽንኩርት እየከተፍኩ፣ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ ሁሉም በተራው! እልል ልል ምንም አልቀረኝም። አራተኛው ገባ። ቀስ እያለ፣ እየለመነ፣ ወደዚያች ቦታ ሲጠጋ ቢላዋውን አስቀመጥኩ።

ሲዲው ጭረት አለበት። እዚያው ጋ ቆሞ ቅር፣ ቅር፣ ቅር ይላል።