ወይን የሌለበት ወይና ደጋ

ባለፈው ክረምት ጅማ ገብቼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ የአክስቴ ልጅ እጄን ይዞ ወደ ጓሮ ወሰደኝ። «ና እስኪ፣ አንድ ነገር ላሳይህ» አለ። ከአዲስ አበባ ገዝቶ ያስመጣቸው ስምንት የወይን ችግኞች ናቸው። በሽቦ ላይ አስተካክሎ አስደግፏቸዋል። ጠጋ ብዬ ሳይ ግን ቅጠላቸው ላይ ዱቄት የተነሰነሰባቸው ይመስላል። በጣቴ ጠረግኩት። ከሥሩ ቡናማ ነጠብጣብ ወጣ።

«በሽታ ነው አሉኝ» አለ። «አንተ እዚያ የወይን አገር ተቀምጠህ ደህና ዘር ሻንጣ ውስጥ ጣል አድርገህ ብትመጣ ምን ነበረበት?»

ሁልጊዜም እንዲህ ነው። ከውጭ የምንመጣ ሰዎች ሻንጣ ውስጥ የማይገባ ነገር ያለ አይመስላቸውም።

«ደግሞ አየሩ ተስማሚ ነው» ብሎ ቀጠለ። «ስሙ ራሱ ይናገራል። ወይና ደጋ!»

እውነት ለመናገር ይህን አስቤው አላውቅም ነበር። አንደኛ ደረጃ ላይ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ እያልን ስንሸመድድ «ወይና» የሚለው ከየት እንደመጣ የጠየቀ ልጅ አልነበረም። ወይን የሚበቅልበት ደጋ ማለት ነው። ጅማ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ ወይና ደጋ መሆኗ አያከራክርም። ታዲያ ወይኑ የታለ?

እኔ ሜልበርን ነው የምኖረው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን እንደ ብዙ አዲስ ገቢ ሥራ ፍለጋ ወደ ሚልዱራ ወረድኩ። ከሜልበርን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በጋው እሳት ነው፤ 40 ዲግሪ ሲያልፍ የሚደነግጥ የለም። በዓመት የሚዘንበው ከ300 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ጅማ ላይ የሚወርደው 1,500 ገደማ ስለሆነ አምስት እጥፍ ልዩነት አለ። ሚልዱራን ያቆማት የመሪ ወንዝ ነው። በ1880ዎቹ መጨረሻ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ቻፊ የሚባሉ ወንድማማቾች የመስኖ ሥራ ጀመሩባት፤ ከዚያ ወዲያ ያ ደረቅ መሬት ወይን በወይን ሆነ።

መጀመሪያ የለቀምኩት የሚበላውን ወይን ነው። በኋላ አንድ ከካላብሪያ የመጡ ሽማግሌ ጣሊያናዊ ቀጠሩኝ። እርሳቸው ዘንድ ለቀማ የሚጀመረው ሊነጋ ሲል፣ ግንባራችን ላይ መብራት አስረን ነበር። እኔ መጀመሪያ የሠራተኛ ጉልበት ሊቆጥቡ መስሎኝ ነበር። ለካ ለሰው አይደለም፤ ለወይኑ ነው። ፍሬው ቀን ላይ ግሎ ከተለቀመ የወይን ጠጁ ይበላሻል። በትላልቆቹ እርሻዎች ደግሞ ማሽኑ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጓራ ያድራል።

ሽማግሌው አንድ ነገር ደጋግመው ይሉኝ ነበር። «እዚህ ፍሬው እንዲጣፍጥ መጨነቅ የለብህም። ፀሐይ አለ። ጣጣው ጎምዛዛነቱ እንዳያልቅ ነው።» ወይን ሲበስል ስኳሩ ይጨምራል፣ ኮምጣጣነቱ ይቀንሳል። ሙቀት ሲበዛ፣ በተለይ ሌሊቱም ካልቀዘቀዘ፣ ኮምጣጣው ቶሎ ይጠፋል። ያኔ የሚወጣው ጠጅ ከባድና ደባሪ ነው፤ ለስላሳ መጠጥ ውስጥ አልኮል እንደመጨመር ቁጠሩት።

የሚገርመው ነገር፣ አካባቢው ለብዙ ዓመታት የተከለው ስመ ጥሩውን የፈረንሳይ ዝርያ ነበር። ሻርዶኔ፣ ካበርኔ፣ ሺራዝ። ገበያው የሚያውቀው ስም ስለሆነ ብቻ። ከዚያ ድርቁ መጣ፤ ከ1990ዎቹ መጨረሻ እስከ 2009 ድረስ የዘለቀው። ውኃ ተወደደ። ያኔ ሰዎች ዓይናቸውን ወደ ደቡብ ጣሊያን አዞሩ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ቻልመርስ የሚባል ቤተሰብ ከጣሊያን በርካታ ዝርያ አስመጥቶ በዚያው አካባቢ ማባዛት ጀምሮ ነበር። ኔሮ ዳቮላ ከሲሲሊ፣ ፊያኖ ከካምፓኒያ፣ ቬርሜንቲኖ ከሰርዲኒያ። ብዙ ሰው ስማቸውን ሰምቶ የማያውቃቸው፣ ግን ፀሐይ ሲጠብሳቸው የኖሩ፣ ሙቀት ውስጥም ኮምጣጣቸውን ይዘው የሚቆዩ ናቸው። የጣሊያን ሁሉ ይሆናል ማለት አይደለም። ኔቢዮሎ የሚባለው የሰሜን ወይን ታላቅ ነው ይባላል፤ ነገር ግን ከፒየሞንት ወጥቶ ሌላ ቦታ ሲመቸው እምብዛም አይታይም። ሽማግሌው «እሱ የእናቱን ቤት ነው የሚወደው» ይሉ ነበር።

ይህን ሁሉ በረንዳ ላይ ቡና እየተቆላ ለአክስቴ ልጅ አወራሁለት። ችግኝ በሻንጣ ይዞ መሻገር ወንጀል እንደሆነ፣ አውስትራሊያ የሚገባ የወይን ግንድ መጀመሪያ በኳራንቲን እንደሚቆይም ነገርኩት። ፊቱ ላይ አንድ ነገር አነበብኩ፤ «ፈረንጅ ሆኗል» የሚል።

የአክስቴ ባል ግን ከት ብለው ሳቁ። ጋሼ ዕድሜያቸውን መልኮ፣ እርሻ ምርምሩ ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው።

«አንተ ይህን ለማወቅ አውስትራሊያ ድረስ ሄድህ?» አሉኝ። «ሲቢዲ የሚባለው የቡና ፍሬ በሽታ በፈረንጆቹ 1971 ሲገባ ቡናው ፍሬው እየጠቆረ ሲረግፍ አይተናል። ያኔ ምን ተደረገ? ከውጭ ዘር አልመጣም። በየጫካው ተዞረ፣ በሽታው ያልነካው ዛፍ ተፈለገ። 74110፣ 74112 የሚባሉት እንዲያ የተገኙ ናቸው። ስም እንኳ አልወጣላቸውም፤ 74 ዓመተ ምሕረቱ ነው፣ በፈረንጆቹ።»

ቀና ብለው ልጃቸውን አዩት። «ቆይቶ ደግሞ ሌላ ነገር ገባን። የጅማው ቡና ሐረር ሲወሰድ የሐረርን ጣዕም አይሰጥም። ስለዚህ ለየአካባቢው ከራሱ ከአካባቢው ዝርያ ይመረጥ ተባለ። አንተ ይህን ትተህ ወይን ትገዛለህ።»

«የእኛው የጌሻ ቡና ፓናማ ሄዶ አልተሳካም እንዴ?» አለ ልጁ። መልሱ ተዘጋጅቶ ነበር።

ጋሼ አልተሸነፉም። የጌሻ ዘር በ1930ዎቹ ተወስዶ በኬንያና በታንዛንያ በኩል ኮስታ ሪካ፣ ከዚያም ፓናማ ገባ። እዚያም ለዓመታት ቅርንጫፉ ይሰበራል፣ ምርቱ ትንሽ ነው ተብሎ ተንቆ ኖረ። አንድ እርሻ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለውን ለይቶ ሲቀምስ ነው ጉዱ የታየው። በ2004 የፓናማን የቡና ውድድር አሸነፈ። «ቦታውን ሲያገኝ ነው» አሉ ጋሼ፣ ፍንጃሉን አስቀምጠው።

እኔ ደግሞ ጣልቃ ገብቼ የጣሊያኖችን ብልጠት አነሳሁ። ፕሮሴኮ የሚባለው ወይን አውስትራሊያ ውስጥ ተተክሎ መሸጥ ሲጀምር፣ ጣሊያን በ2009 የፍሬውን ስም ግሌራ ብላ ቀየረችው። ፕሮሴኮ የቦታ ስም ብቻ ይሁን ነው ነገሩ። አውስትራሊያዎቹ እስካሁን ያጉረመርማሉ። እኛም በሲዳሞና በይርጋጨፌ ስም ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ተከራክረን በ2007 ተስማምተናል፤ ግን ጌሻን ማንም አልጠየቀንም።

ለነገሩ አገራችን ወይን የለም ማለቴ አይደለም። ዝዋይ ላይ ካስቴል የሚባለው የፈረንሳይ የመጠጥ ኩባንያ ተክሎ በ2014 ለገበያ አቅርቧል፤ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ። ስም ያላቸው የፈረንሳይ ዝርያዎች ናቸው፤ ግን ስምጥ ሸለቆው ደረቅ ነው፣ ውኃውን ሰው ይቆጣጠረዋል። እንደ ፈረንጅ አገር ሐረጉን የሚያስተኛ ብርድ ባይኖርም ገርዘህና ውኃ ከልክለህ «ታስተኛዋለህ»። ጅማ ላይ ማን ያስተኛዋል? ከመጋቢት እስከ መስከረም ዝናቡ አያባራም። ወይን ደግሞ ቅጠሉ ላይ እርጥበት ሲበዛ ይታመማል።

ይህን ስናወራ ጋሼ ተነሡና ወደ ታችኛው አጥር ወሰዱኝ። እዚያ አንድ አሮጌ ሐረግ አለ። ግንዱ የሰው ክንድ ያክላል። ማን እንደተከለው የሚያውቅ የለም፤ ከጎረቤት፣ ከፈረንጅ አራዳ በኩል መጣ ይላሉ፣ በጣሊያን ጊዜ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ማንም አይገርዘውም፣ ማንም መድኃኒት አይረጨውም። ዝናቡ ይወርድበታል፣ ቅጠሉ ግን ንጹሕ ነው። ገለበጥኩት። ጀርባው ነጭ፣ ጥጥ የተለጠፈበት ይመስላል። ከአንዱ ዘለላ ላይ ጥቁር የበሰለም፣ አረንጓዴም አለበት። አንዷን አፌ ውስጥ ጨመቅ ሳደርጋት ቅርፊቷ ጥርሴ ላይ ቀረ፣ ውስጧ ሾልኮ ወረደ። ሽታዋ የእንጆሪ ማርማላታ ነው። ፎቶ አነሳኋት።

ስመለስ ሚልዱራ ደውዬ ፎቶውን ለሽማግሌው ላክሁ። መልስ ለመስጠት ደቂቃ አልፈጀባቸውም።

«ሽታዋ እንጆሪ እንጆሪ ይላል?»

«አዎ።»

«ኢዛቤላ ትመስለኛለች!» ብለው ሳቁ። እኛ ኡቫ ፍራጎላ፣ የእንጆሪ ወይን እንላታለን አሉኝ። ዘሯ በከፊል ከአሜሪካ ነው። ዝናብና ሻጋታ ብዙም አይደፍራትም፤ ለዚህ ነው ጣሊያን ውስጥ በየገበሬው በር ላይ የምትገኘው። ከእሷ የተሠራ ጠጅ ግን በአውሮፓ ሕግ ለገበያ አይወጣም። «አያቴ ደብቃ ትጠምቅ ነበር» አሉ። ድምፃቸው ትንሽ ተሰበረ።

ለአክስቴ ልጅ ደውዬ ነገርኩት። ዝም አለ። ጠጅ ካልሆነች ለጭማቂ ትሆን ይሆናል፣ ጎረቤቱም አብዛኛው ጠጅ አይጠጣም፣ እሷን አባዛ አልኩት።

«እሺ እሱስ ይሁን» አለ። «ስምንቱን ምን ላድርጋቸው?»

«አባትህን ጠይቃቸው።»

«አባዬማ» አለ፣ «አንተ በሄድህ በሳምንቱ ነቅለው ቡና ተክለውበታል።»