ስለ ዝምታውም ይጻፍ

በእንቅልፍ ውስጥ ስለሚከሰት የትንፋሽ መቋረጥ ያነበብኩት ጽሑፍ ስለ ማንኮራፋት ብዙ ብሏል፤ በመሃል ስለሚመጣው ዝምታ ግን ምንም አላለም። ባለቤቴ ከዚህ ሕመም ጋር ስለሚኖር እኔን የሚያስፈራኝ ዝምታው ነው። ማንኮራፋቱ በድንገት ቀጥ ይላል፤ ደረቱ ለመተንፈስ ይታገላል፣ አየር ግን አይገባም፤ ከዚያ እንደ ታነቀ ሰው ተንፍሶ ይባንናል። ጠዋት ሲጠየቅ አንዱንም አያስታውስም።

ትንፋሽ ቢያንስ ለ10 ሰከንድ ሲቆም አንድ መቋረጥ ተብሎ ይቆጠራል፤ በሰዓት 30 ከደረሰ ሕመሙ ከባድ ነው። በእያንዳንዱ መቋረጥ የደም ኦክስጅን ይወርዳል፣ የደም ግፊት ይወጣል። በመድኃኒት አልወርድ ያለ ግፊት ያለበትን ሰው ስለ እንቅልፉ ሳይጠይቁ ኪኒን ብቻ መጨመር ያናድደኛል! የልብ ምት መዛባትና ስትሮክም ከዚሁ ጋር የተያያዙ ናቸው። ደግሞም የወፍራሞች ሕመም ብቻ አይደለም፤ ባለቤቴ ቀጭን ነው፣ የመንጋጋ አፈጣጠርም ምክንያት ይሆናል።

ለሕክምናው በእንቅልፍ ጊዜ አየር በግፊት የሚያስገባው ሲፓፕ የተባለው መሣሪያ መጀመሪያ ላይ ያስጨንቃል። ጭምብሉ አፍንጫ ላይ ቀይ መስመር ይተዋል፣ አፍ ያደርቃል። እባካችሁ በዚህ ምክንያት አትተዉት፤ በልክ የሆነ ጭምብልና አየሩን የሚያረጥበው ክፍል ብዙ ያቃልላሉ። አልኮልና አንዳንድ የእንቅልፍ ኪኒኖች የጉሮሮን ጡንቻ ይበልጥ ስለሚያላሉ ሐኪም ሳያማክሩ መውሰድ አደገኛ ነው። ወደ ምርመራ ስትሄዱም አብሯችሁ የሚተኛውን ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ ሌሊት ያየውን ለሐኪሙ ራሱ ይናገር።