በፍሎረንስ መግቢያ ለተሰቀለው ካሜራ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ ስለ ሦስት ፎቶግራፎች ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

አምና በግንቦት ከባለቤቴ ጋር ከሜሪላንድ ተነሥተን ጣሊያንን በኪራይ መኪና ስንጎበኝ፣ ከፍሎረንስ ይዘን የተመለስነው ጥቂት የደበዘዙ የስልክ ፎቶግራፎች ብቻ መስሎን ነበር። ወራት ካለፉ በኋላ በአደራ ደብዳቤ የደረሰን ፖስታ እንዳስረዳን ግን፣ እርስዎ በአንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ሦስት ጊዜ አንሥተውናል።

ጥፋቱ የጣሊያንኛ ችሎታዬ ነው። ፍሬን፣ ማርሽ፣ ጎማና ፍሪሲዮን እያልኩ ያደግኩ፣ ፒያሳ ማኪያቶ የጠጣሁ ሰው ስለሆንኩ፣ ቋንቋውን ከማንም ቱሪስት በተሻለ እንደማውቅ ለባለቤቴ ከአውሮፕላን ማረፊያው ጀምሮ ስገልጽላት ነበር። ቀይ ጠርዝ ያለውን ነጭ ክብ ምልክት (ፈቃድ የሌለው መኪና ወደ መሐል ከተማው አይግባ የሚለውን) አላየሁም አልልም፤ ነገር ግን በሰሌዳዎ ላይ «ቫርኮ አቲቮ» የሚል ጽሑፍ ሲበራ፣ «በሩ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው፤ እንግባ» ብዬ በሙሉ ልብ ተረጎምኩላት። ሥራ ላይ የነበሩት እርስዎ እንደሆኑ፣ በሩ «አቲቮ» ሲሆን ፈቃድ ለሌለው ዝግ፣ «ኖን አቲቮ» ሲሆን ደግሞ ክፍት እንደሆነ የገባኝ ከከፈልኩ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ሆቴላችንን ፍለጋ ገባን፤ ቀጥሎ ባለ አንድ አቅጣጫው መንገድ ገፍቶ ካስወጣን በኋላ ተመልሰን ገባን፤ በመጨረሻም ፖንቴ ቬክዮን በመኪና ለመሻገር ገባን፤ ድልድዩ የእግረኛ ብቻ መሆኑን ያወቅነው እዚያው ደርሰን ነው። እርስዎም እያንዳንዱን መግባት ለየብቻው በመቁጠር ድካማችንን አክብረውልናል። (የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ ታርጋችንን ሊያስመዘግብልን ይችል እንደነበር የነገረን ሻንጣችንን ስንጭን ነው። አልጠየቅነውም አለ፤ እውነቱን ነው።)

የአዲስ አበባ ትራፊክ ፖሊስ ቢሆን ፊሽካውን ነፍቶ ያስቆመኛል፣ መንጃ ፈቃዴን ይቀበለኛል፣ ይቆጣኛል፣ ልመናዬንም ቢያንስ እስከ ግማሹ ይሰማኛል፤ ለሁለተኛ ጊዜ ስመጣ ደግሞ «አሁንም አንተ ነህ?» ማለቱ አይቀርም። እርስዎ ግን ትንፍሽ ሳይሉ፣ ሕጉ በውጭ አገር ለሚኖር ሰው በሚፈቅደው የ360 ቀን ገደብ ውስጥ፣ ጉዞውን ረስተን አልበሙን በዘጋንበት ሰሞን ብቅ አሉ። የመኪና አከራዩም ስሜንና አድራሻዬን ለከተማው ስላስተላለፈ ብቻ፣ ከቅጣቱ ውጪ ከካርዴ የአገልግሎት ክፍያ ቆረጠ። ስሜ ሲጠራ ገንዘብ እንደሚያስወጣ ዕድሜ ልኬን አላውቅም ነበር።

በ5 ቀን ውስጥ ለሚከፍል የ30 በመቶ ቅናሽ ማዘጋጀትዎን ሳላመሰግን አላልፍም፤ መርካቶ ላይ ያለ ክርክር እንዲህ ያለ ቅናሽ አይገኝም። ደብዳቤውን ራሴ ካልተረጎምኩ ብዬ ስድስት ቀን ስለፈጀሁ ግን አልደረስኩበትም።

ከሠላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለባለቤቴ (እንድታውቀው ሳይሆን እንድትረሳው)